የሟች ዕዳ ከሟች ንብረት ይከፈላል

ሰው ሲሞት ዕዳው አብሮት አይቀበርም። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ አንስቶ እስከ ሁምቦ ቆላ፣ ከቦዲቲና ከአረካ ገበያዎች እስከ ገሱባና በሌ ድረስ በወላይታ ዞን የሚኖረው አርሶ አደር ለማዳበሪያ፣ ለምርጥ ዘር፣ ለእርሻ በሬ፣ ለልጅ ትምህርትና ለሕክምና ሲል መበደሩ የታወቀ ነው። ተበዳሪው ዕዳውን ሳይከፍል በሞት ሲለይ ግን ባለገንዘቡ ማንን ይጠይቃል? ከየትኛው ንብረት ላይ ይከፈለዋል? ሚስትና ልጆችስ እስከ ምን ድረስ ይጠየቃሉ? እነዚህ ጥያቄዎች በየመንደሩ የሚነሱና በወቅቱ ተገቢ መልስ ባለማግኘታቸው ጎረቤትን ከጎረቤት፣ ወንድምን ከወንድም የሚያቃቅሩ ናቸው።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ወላይታ በአገራችን ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ሲሆን፣ ብዙው ቤተሰብ የሚተዳደረው ከግማሽ ሄክታር በማይበልጥ ማሳ ላይ እንሰት፣ በቆሎ፣ ስኳር ድንችና ቦይና አፈራርቆ በማልማት ነው። እንዲህ ባለ ቤት አንድ በሬ በእርሻ ወቅት ከበረት ከወጣ የዚያ ዓመት ምርት አብሮ ይወጣል። በሌላ በኩል ደግሞ ያበደረው ሰው ብዙውን ጊዜ ባለጸጋ ሳይሆን እንደ ሟቹ ሁሉ አርሶ አደር ወይም በገበያ ውላ የምትገባ አነስተኛ ነጋዴ ነች። ገንዘቧ ሜዳ ላይ ከቀረ የእርሷም ልጆች ይጎዳሉ፤ ከዚያም በኋላ ለተቸገረ ጎረቤት እጇን አትዘረጋም። ስለዚህ የሟች ዕዳ በሥርዓት መከፈሉ ለሐዘንተኛውም ለባለገንዘቡም የኑሮ ጉዳይ ነው።

በዚህ ረገድ የተለመደ አንድ አነጋገር አለ፤ «የአባት ዕዳ ለልጅ፣ የአፍንጫ እድፍ ለእጅ» ይባላል። አባባሉ የአባትን ስም የሚያከብር ልጅ ያለበትን የሕሊና ግዴታ የሚያመለክት በመሆኑ መልካም ጎን አለው። አባቱ የተበደረውን ከገዛ ላቡ ከፍሎ የአባቱን ስም የሚያነጻ ልጅ ቢገኝ የሚመሰገን እንጂ የሚወቀስ አይደለም። ይሁን እንጂ አባባሉን እንደ ሕግ ቆጥሮ የሟችን ልጅ «አባትህ የበላውን አንተ ክፈል» እያሉ ማስጨነቅ፣ የልጁን በሬ ከቀንበር ፈትቶ መንዳት፣ የመበለቲቱን ጎተራ ማራቆት ተገቢ አይደለም፤ በሕግም አይደገፍም።

ከ1953 ዓ.ም. መባቻ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውርስ የሚናገረው ግልጽ ነው። የሟቹ መብትና ግዴታ በሞቱ የማይቋረጥ እስከሆነ ድረስ ወደ ወራሾቹ ይተላለፋል። ሆኖም ውርሱ ተጣርቶ እስኪያልቅ ድረስ የሟቹ ንብረት ራሱን የቻለ ሀብት ሆኖ ይቆያል፤ ከወራሾቹ የግል ንብረት ጋር አይቀላቀልም። የሟቹ ባለገንዘብ የወራሹን የግል ሀብት እንዳይነካ፣ የወራሹ ባለገንዘብም የሟቹን ንብረት ቀድሞ እንዳይሻማ ሕጉ በመካከላቸው አጥር አኑሯል። ወራሽ በውርስ ካገኘው ንብረት ዋጋ በላይ ለሟቹ ዕዳ አይጠየቅም። በአጭሩ የሟች ዕዳ የሚከፈለው ከሟች ንብረት ላይ ነው፤ ንብረቱ ሲያልቅ የመጠየቁም ወሰን በዚያው ያበቃል።

አከፋፈሉም ቅደም ተከተል አለው። በሕጉ ቁጥር 1014 እንደተደነገገው በመጀመሪያ የሟቹ የቀብር ወጪ ይከፈላል፤ በሁለተኛ ደረጃ ውርሱን ለማስተዳደርና ለማጣራት የወጣው ወጪ፣ በሦስተኛ ደረጃ የሟቹ ዕዳ ይከተላል። ከዚህ ቀጥሎ ቀለብ የማግኘት መብት ያላቸው ሰዎች ጥያቄ፣ በመጨረሻም ሟቹ በኑዛዜ ለይቶ የሰጠው ስጦታ ይመጣል። ወራሾች የሚካፈሉት ከዚህ ሁሉ የተረፈውን ነው።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ አርሶ አደር ሲሞት የራሱ ድርሻ የሆነው ንብረት 90,000 ብር ያወጣል እንበል። ለቀብር 12,000 ብር፣ ለማጣሪያ 3,000 ብር ቢወጣ 75,000 ብር ይቀራል። ዕዳው 60,000 ብር ከሆነ ባለገንዘቦች ሙሉ በሙሉ ይከፈላቸዋል፤ ወራሾችም 15,000 ብር ይካፈላሉ። ዕዳው 100,000 ብር ቢሆን ግን ባለገንዘቦች የሚያገኙት ያንኑ 75,000 ብር ብቻ ነው። የጎደለውን 25,000 ብር ከልጁ ኪስ ወይም ከልጁ በረት የመውሰድ መብት የላቸውም። በዚያው መጠን ልጆቹም ዕዳው ሳይከፈል ንብረቱን ተካፍለን እንሂድ ለማለት መብት የላቸውም።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የቀብር ወጪ ከሌላው ዕዳ ሁሉ ቢቀድምም ሕጉ የሚቀበለው ከሟቹ የኑሮ ደረጃ ጋር የሚመጣጠነውን ያህል ብቻ ነው፤ ለተዝካርና ለመታሰቢያ ድግስ የሚወጣውም በቀብር ወጪ ውስጥ አይታሰብም። ይህ ድንጋጌ በብዙው የአገራችን ገጠር የማይታወቅ ሲሆን፣ በወላይታም ቢሆን በደንብ ሊታወቅ የሚገባው ነው። ለለቅሶ የመጣውን ሰው ለማስተናገድ ሲባል ሟቹ የተወው ላም ይታረዳል፤ እህሉ ከጎተራ ይወጣል፤ ከዚያም አልፎ አዲስ ብድር ይገባበታል። ሐዘኑ አልፎ ባለገንዘቡ ሲመጣ ንብረቱ ተበልቶ ይገኛል። በሥርዓቱ ያልተከፈለው ባለገንዘብ «የእኔን ገንዘብ ደገሳችሁበት» ቢል አይፈረድበትም። ለሟች ክብር መስጠት የሚወደድ ባሕል ነው፤ ሟቹ ያልከፈለውን የሰው ገንዘብ መደገስ ግን ክብሩን ዝቅ የሚያደርግ ነው። ዕድሮች በዚህ ላይ ተመካክረው የለቅሶ መስተንግዶን በልክ የማድረግ ኃላፊነት አለባቸው።

ታዲያ ባለገንዘቡ ገንዘቡን የሚጠይቀው እንዴት ነው? ለቅሶ ቤት ገብቶ መጮህ፣ ወይም ሌሊት መጥቶ ከብት መንዳት መንገዱ አይደለም። ሕጉ ለዚህ ሥራ ውርስ አጣሪ የሚባል ኃላፊ አስቀምጧል። ሟቹ በኑዛዜው አጣሪ ሰይሞ እንደሆነ እርሱ፣ ካልሆነ ወራሾቹ ራሳቸው አጣሪዎች ይሆናሉ፤ አስፈላጊ ሲሆንም ፍርድ ቤት ይሾማል። የአጣሪው ተግባር ወራሾችን ለይቶ ማወቅ፣ ንብረቱን ቆጥሮ መመዝገብ፣ ሟቹ በሰው ላይ ያለውን ገንዘብ መሰብሰብ፣ ሟቹ ያለበትንና የመክፈያ ጊዜው የደረሰውን ዕዳ መክፈል ነው። አጣሪው የሟቹን መዝገብና ወረቀት መመርመር፣ ባለገንዘቦችንም አፈላልጎ ማወቅ ይጠበቅበታል።

ስለዚህ ባለገንዘቡ መጀመሪያ አጣሪው ማን እንደሆነ አጣርቶ ጥያቄውን ከነማስረጃው በጽሑፍ ያቅርብለት። አጣሪው አልቀበልም ቢል ወይም ወራሾቹ ዕዳውን ቢክዱ ክሱ የሚቀርበው ውርሱ ለተከፈተበት ቦታ ፍርድ ቤት ነው፤ ይህም ሟቹ ዋና መኖሪያው አድርጎ ይኖርበት የነበረው ቦታ ማለት ነው። ሟቹ በዳሞት ጋሌ ኖሮ ልጆቹ አዲስ አበባ ቢሆኑም የውርሱ ቦታ ዳሞት ጋሌ ነው። ወራሾች ከፍርድ ቤት የሚያወጡት የወራሽነት ማረጋገጫም ወራሽነታቸውን ያሳያል እንጂ ንብረቱን ከዕዳ ነጻ አያደርገውም። ባለገንዘቡም ቢሆን ነገ ዛሬ እያለ መቆየት የለበትም። ከውል የሚመነጭ ጥያቄ በመደበኛው 10 ዓመት ካለፈው በይርጋ ይታገዳል፤ ከዚያም በፊት ቢሆን ንብረቱ ከተከፋፈለና ከተሸጠ በኋላ መጠየቅ ሲበዛ ያደክማል።

ከሁሉ የከፋው ችግር ግን የማስረጃ ጉዳይ ነው። በገጠር ብድር የሚሰጠው በአብዛኛው በመተማመን፣ በቃል ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ግን ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ብቻ ነው ይላል። ሕጉ በወጣበት ዘመን 500 ብር ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ አንድ ኩንታል ማዳበሪያ እንኳ አይገዛም። በመሆኑም ዛሬ በጎረቤታሞች መካከል የሚሰጥ ብድር ሁሉ ማለት ይቻላል ጽሑፍ ያስፈልገዋል። ተበዳሪው በሕይወት ሳለ ቀርቦ «አዎን ተበድሬአለሁ» ሊል ይችላል። ከሞተ በኋላ ግን የሚያምን አንደበት የለም፤ የቀረው ወረቀት ብቻ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ለዚህ ጉዳይ ልክ ነው።

ወረቀቱ የሚጠቅመው አበዳሪውን ብቻ አይደለም። አባወራው ሲሞት «ለእኔም አለብኝ ብሎ ነበር» የሚል ሰው ሊበዛ ይችላል። ባሏ ምን እንደተበደረና ምን እንደከፈለ ያልተነገራት ሴት ከእውነተኛው ባለገንዘብ ሐሰተኛውን የምትለይበት መንገድ ከጽሑፍ በቀር የላትም። ስለዚህ የብድሩን መጠን፣ ቀኑን፣ የመክፈያ ጊዜውንና የምስክሮችን ስም የያዘ፣ ተዋዋዮችና ምስክሮች የፈረሙበት ውል በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ በአበዳሪው፣ አንዱ በተበዳሪው ቤት ይቀመጥ። በከፊል ሲከፈልም ደረሰኝ ይጻፍ። ያልተማረ ሰው ልጁን ወይም የቀበሌውን መምህር ማስጻፍ አያቅተውም።

የወለድም ነገር እንዲሁ ነው። በዚሁ ሕግ ቁጥር 2479 መሠረት ግለሰቦች የሚዋዋሉት ወለድ በዓመት ከመቶ 12 መብለጥ አይችልም፤ ስምምነቱም በጽሑፍ መሆን አለበት። ከዚህ በላይ ከተጻፈ ወይም ጭራሽ ካልተጻፈ የሚታሰበው ከመቶ 9 ነው። አራጣ አበዳሪው በሟቹ ሐዘን መካከል መጥቶ በየወሩ እየተባዛ የሄደ ሒሳብ ቢያቀርብ ወራሾች ያንን ሁሉ ተቀብለው ንብረት የሚያስረክቡበት ምክንያት የለም። ለወራሾቹ የሚበጀው ዋናውን ገንዘብና ሕጋዊውን ወለድ ለይቶ የሚያሰላላቸው ሰው መፈለግ ነው።

ወላይታ ለገበሬ ብድር እንግዳ አይደለችም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዓለም ባንክ ብድር በሶዶ የተቋቋመውና «ዋዱ» በሚል ስም የሚታወቀው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት ለገበሬው ማዳበሪያና ዘር በብድር ያቀርብ ነበር። በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመውና ወደ ባንክነት ያደገው ኦሞ ማይክሮፋይናንስ ደግሞ በቡድን ዋስትና የሚሰጥ ብድርን በአካባቢው አስፋፍቷል። በዚህ ዓይነቱ ብድር ከቡድኑ አንዱ ሲሞት የቀሩት አባላት «የእርሱን ክፈሉ» ይባላሉ። ብዙዎች የማያውቁት ነገር ቢኖር ለሌላው ሰው ዕዳ የከፈለ ዋስ በባለገንዘቡ መብት የሚተካ መሆኑ ነው። በመሆኑም ስለ ሟች ጓደኛቸው የከፈሉ የቡድን አባላት የከፈሉበትን ደረሰኝ ይዘው እንደማንኛውም ባለገንዘብ ከሟቹ ውርስ ላይ ሊጠይቁ ይችላሉ። ከዚህም ሌላ አንዳንድ አበዳሪ ድርጅቶች ተበዳሪው ቢሞት ቀሪውን ዕዳ የሚሸፍን የብድር የሕይወት ዋስትና አላቸው። ገበሬው ብድር ሲፈርም ይህ ዋስትና መኖር አለመኖሩን ይጠይቅ፤ ካለም ለሚስቱና ለልጆቹ ይንገራቸው። የማይታወቅ ዋስትና ከሌለ ዋስትና አይሻልም።

በሟቹ በረት የተገኘ ከብት ሁሉ የሟቹ ነው ማለት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። በወላይታ ሁለት ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው አንድ በሬ ወይም ላም በጋራ የሚይዙበት «ኮታ» የሚባል ስምምነት አለ። «ሀራ» በሚባለው ስምምነት ደግሞ ከብት የሌለው ቤተሰብ የሌላውን ላም ወስዶ እየቀለበ በወተቷና በፍጓ ይጠቀማል። ችግረኛው ላም እንዲያገኝ፣ ባለከብቱም የግጦሽ ጭንቀቱ እንዲቃለልለት የሚያደርግ ጠቃሚ ባሕል ነው። ሆኖም ጠባቂው ሲሞት ባለገንዘቡ የባለከብቱን ላም ሊይዝ፣ ወይም ባለከብቱ ሲሞት ጠባቂው ላሟን ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ አጣሪው ከብት ሲቆጥር የእያንዳንዱን ባለቤት በጎረቤት ምስክርነት ለይቶ መመዝገብ አለበት። በዕቁብም ዕጣውን ወስዶ ሳይጨርስ የሞተ አባል ዕዳ ትቷል፤ ሳይወስድ የሞተው ደግሞ ለወራሾቹ የሚሰበሰብ ገንዘብ ትቷል። ሁለቱም በዝርዝሩ መግባት አለባቸው።

ስለ መበለቲቱ መብት የሚነገረው ብዙ ቢሆንም የሚፈጸመው ጥቂት ነው። በጋብቻ ውስጥ የተፈራው ሀብት የባልና የሚስት የጋራ ሀብት በመሆኑ ባል ሲሞት ውርስ የሚሆነው የእርሱ ድርሻ እንጂ ቤቱ በሙሉ አይደለም። ስለሆነም ከሁሉ አስቀድሞ የእርሷ ድርሻ ተለይቶ መውጣት አለበት። በአንጻሩ ደግሞ ለቤተሰቡ ጥቅም ተብሎ የተወሰደ ብድር፣ ለምሳሌ ለማዳበሪያ ወይም ለልጆች ሕክምና የዋለ ከሆነ፣ የሁለቱም ዕዳ ስለሚሆን ሚስትም ትጠየቅበታለች። ባልየው ለብቻው ለሌላ ነገር ያጠፋው ገንዘብ ግን በእርሷ ድርሻ ላይ ሊጫን አይገባም። ይህን ልዩነት ለማስረዳት ሚስት ብድሩ ሲወሰድ ማወቅ ይኖርባታል። ባል ዕዳውን ከሚስቱ የሚደብቅበት ቤት ሲሞት የሚያወርሳት ክርክር ነው። ከዚህም በላይ በሰውዬው ሞት ምክንያት ለቤተሰቡ የሚከፈል ጡረታ ወይም ካሣ የውርሱ አካል ስላልሆነ ባለገንዘብ አይደርስበትም።

የመሬቱም ነገር ግልጽ መሆን አለበት። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህ አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም ይህንኑ አጽንቷል። ስለዚህ ባለገንዘብ «መሬቱን በዕዳዬ ውሰድ ብሎኝ ነበር» ቢል ተቀባይነት የለውም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324 ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያስይዝ መንገድ ከፍቷል። ይህ ግን በሕግ አግባብ የተደረገን ዋስትና የሚመለከት ነው እንጂ በየመንደሩ በቃል የሚደረገውን፣ አበዳሪው ገንዘቡ እስኪመለስ ማሳውን እያረሰ የሚበላበትን የወለድ አገድ ልማድ ሕጋዊ አያደርገውም። እንዲህ ያለ ስምምነት ሲኖር ባለይዞታው በሞተ ማግስት ማሳው የማን እንደሆነ ማከራከር ይጀምራል። ስለዚህ የመሬት ኪራይም ሆነ ዋስትና በጽሑፍ ተደርጎ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። ከብትንና ሌላ ተንቀሳቃሽ ንብረትን በዋስትና ለሚይዝ አበዳሪም በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 መሠረት የምዝገባ ሥርዓት ተዘርግቷል፤ ያስመዘገበ ካላስመዘገበው ይቀድማል።

ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ለባለገንዘቡ ቢፈረድም እንኳ አፈጻጸሙ ገደብ አለው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የባለዕዳውንና የቤተሰቡን አስፈላጊ ልብስ፣ የማብሰያ ዕቃና መኝታ፣ ባለዕዳው አርሶ አደር ሲሆንም ፍርድ ቤቱ ለኑሮው አስፈላጊ ናቸው የሚላቸውን ከብትና ዘር ከመያዝ ጠብቋል። የሕጉ መንፈስ ዕዳ ይከፈል፤ ነገር ግን ባለዕዳው እጁን አጣጥፎ እስኪቀመጥ ድረስ አይገፈፍ የሚል ነው።

የአገር ሽማግሌዎች በዚህ ሁሉ ውስጥ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ሁሉም ነገር ወደ ሶዶ ወይም ወደ ወረዳ ከተማ ፍርድ ቤት ይሂድ ቢባል የትራንስፖርቱና የምልልሱ ወጪ ዕዳውን ሊያህል ይችላል። ከአዝመራ በኋላ እንዲከፈል ጊዜ መስጠት፣ ወለዱን መቀነስ፣ ክፍያውን በየመኸሩ መከፋፈል በሽምግልና የሚያምር ሥራ ነው። ነገር ግን ሽምግልናው ከሕጉ አጥር መውጣት የለበትም። ልጁን ከወረሰው በላይ የሚያስከፍል፣ ለመበለቲቱ ድርሻዋን የሚነሳ ወይም ባለገንዘቡን «ሙት አይከሰስም» ብሎ ባዶ እጁን የሚመልስ ዕርቅ ውሎ አድሮ ጠብ ይሆናል። የተደረሰበት ስምምነትም በቃል ብቻ እንዳይቀር በጽሑፍ ይያዝ።

ከዚህ በመነሣት ሊሠራ የሚገባው ብዙ ነው፤ ደግሞም ከባድ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ሰው በሞተ ጊዜ ዕድሩ ሁለት የታመኑ ጎረቤቶች መርጦ በቤተሰቡ ፊት የሟቹን ንብረት፣ ዕዳና የሚሰበሰብ ገንዘብ በአንድ ወረቀት ላይ ቢያሰፍር ከብዙ ክርክር ያድናል። የኅብረት ሥራ ማኅበራትና አበዳሪ ድርጅቶች የብድር ውላቸውን ለባልም ለሚስትም በሚገባቸው ቋንቋ፣ በወላይትኛም ጭምር፣ አንብበው ቢያስረዱ አለመግባባቱ ይቀንሳል። የወረዳ ፍትሕ ጽሕፈት ቤቶች በገበያ ቀንና በእምነት ቤቶች አካባቢ ስለ ውርስና ዕዳ ትምህርት ቢሰጡ የሚሰማቸው አያጡም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ወላይታ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ በመሆኗ የክልሉ መሥሪያ ቤቶች ይህን ከደጃቸው ሊጀምሩት ይችላሉ።

ከሁሉ በላይ ግን ሥራው የሚጀምረው በየቤቱ፣ ሰው በጤናው ሳለ ነው። በመስከረም የጊፋታ በዓል ቤተሰብ ከያለበት ይሰበሰባል፤ የተጣላም ይታረቃል። ያን ጊዜ አባወራውና እማወራዋ ያለባቸውን ዕዳ፣ በሰው እጅ ያለ ገንዘባቸውንና በበረታቸው ያለውን የሰው ከብት ለልጆቻቸው ቢያስታውቁ፣ በደብተርም ቢያሰፍሩ ሞትን መጥራት አይሆንባቸውም። ይህ ደብተር ያለው ቤት ሐዘን ሲደርስበት ባለገንዘቡ ገንዘቡን፣ መበለቲቱ ድርሻዋን፣ ልጆቹም የተረፈውን ያገኛሉ፤ በሬውም በቀጣዩ የእርሻ ወቅት ከማሳው አይጠፋም።